የጡንቻ ውስጠ ነገርና የነርቭ ትስስሩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሕብረ ሕዋስን በማይክሮስኮፕ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ጡንቻ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ከሁለት ወገን ይመጣሉ። አንደኛው ወገን ነጭ ጋዋን ለብሶ ስላይድ ላይ ያጎነበሰ ተማሪ ነው። ሁለተኛው ልኳንዳ ቤት ወይም ድግስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ፣ ሥራዬን ሰምቶ «እስቲ ይህን ንገረኝ» የሚል ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ የሚከብደኝ የሁለተኛው ጥያቄ ነው። እዚህ ሁለቱንም ቀላቅዬ መልሻለሁ። አንድ አቋሜን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ጡንቻን ከነርቡ ነጥሎ ማስተማር አልወድም። መጻሕፍቱ በሁለት ምዕራፍ ይከፍሏቸዋል፤ ሰውነት ግን አልከፈላቸውም።

ልኳንዳ ቤት የሚሸጠው ቀይ ሥጋ ጡንቻ ነው?

አዎ። ጮማውን፣ አጥንቱንና ጅማቱን ትተን ቀዩ ሥጋ በሙሉ የአጽም ጡንቻ ነው፤ አጥንት ላይ ተተክሎ በፈቃዳችን የምናዝዘው ዓይነት። አሠራሩንም ያለ ማይክሮስኮፕ እስከ ግማሽ መንገድ ማየት ይቻላል። የደረቀ ቋንጣ ወስዳችሁ በርዝመቱ ብትሰነጥቁት በቀጭን በቀጭኑ እየተተረተረ ይወጣል። የወጣው ዘለላ አንድ ክር እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ የጡንቻ ክሮች የታሰሩበት ነዶ ነው። ነዶውን ዙሪያውን ስስ ነጭ ገለፈት ያስረዋል። በነዶው ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱን ክር ለየብቻው የሚያለብስ፣ ከዚያም የሳሳ ገለፈት አለ። ነዶዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ጡንቻውን አንድ አካል የሚያደርገው የውጭው ሽፋን ወፈር ይላል። ሦስቱም ጫፍ ላይ ሲደርሱ ተጋጥመው ጅማት ይሆኑና አጥንት ላይ ይተከላሉ። የደም ሥሮችና ነርቮች ወደ ጡንቻው የሚዘልቁት በእነዚሁ ገለፈቶች በኩል ነው። አንዱ ብልት ሲለሰልስ ሌላው ጥርስ የሚፈትነውም በአብዛኛው ከዚህ ገለፈት መጠንና ጥንካሬ የተነሣ ነው።

ዱለት ለዚህ ትምህርት የተሰናዳ ምግብ ይመስለኛል። ጨጓራው ልሙጥ ጡንቻ፣ ማለትም እንደ አንጀት ባሉ የውስጥ አካላት ግድግዳ ያለው ዓይነት፣ አለበት፤ ቀይ ሥጋው የአጽም ጡንቻ ነው፤ ጉበቱ ግን ጡንቻ አይደለም። ልብ ቢከተፍበት ሦስቱም የጡንቻ ዓይነቶች በአንድ ሳህን ይሟሉ ነበር።

አንዱ የጡንቻ ክር አንድ ሕዋስ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ያውም እንግዳ ሕዋስ። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮሜትር ነው። 50 ማይክሮሜትር የሆነውን ብንወስድ፣ 1 ሚሊሜትር በምትሆን የጤፍ ቅንጣት ስፋት ላይ ሃያ ክሮች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ርዝመቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሴንቲሜትር የሚደርስ አለ። ሌላው የሰውነታችን ሕዋስ ባብዛኛው በአንድ ኒውክሊየስ ሲተዳደር የጡንቻ ክር በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ረጅም ከሆነም ከዚያ እጅግ የሚበልጡ ኒውክሊየሶች አሉት። ምክንያቱ አፈጣጠሩ ነው። ፅንሱ ሲያድግ ብዙ ትንንሽ እናት ሕዋሳት እየተሰለፉ ይዋሐዱና ግድግዳቸውን አፍርሰው አንድ ረጅም ቤት ይሆናሉ። ኒውክሊየሶቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተው ይቀመጣሉ፤ መካከሉ ለሥራው መሣሪያ ይለቀቃል።

በስላይድ ላይ የሚታየው ዝንጉርጉር መስመር ምንድን ነው?

ይህ መስመር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ታይቷል፤ ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ በራሱ እጅ በሠራት ሌንስ አይቶታል። ትርጉሙ እስኪገባ ግን ከ250 ዓመት በላይ ፈጀ።

የጡንቻ ክሩ ውስጥ 1 ወይም 2 ማይክሮሜትር ውፍረት ያላቸው ዘንጎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ዘንግ ደግሞ በቁመቱ እኩል እኩል ተከፋፍሏል። አንዱ ክፍል ሳርኮመር ይባላል፤ ርዝመቱ ከ2 ማይክሮሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። በሳርኮመሩ ሁለት ጫፍ ከግድግዳው ላይ አክቲን የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች ወደ መካከል ተዘርግተዋል። ከመካከሉ ደግሞ ማዮሲን የሚባሉ ወፍራም ክሮች ተቀምጠዋል። ወፍራሞቹ ያሉበት ጨለም ብሎ፣ ቀጭኖቹ ብቻ ያሉበት ነጣ ብሎ ይታያል። ዝንጉርጉሩ ይኸው ነው።

ሁለት ሚዶ ወስዳችሁ ጥርሳቸውን አንዱን ካንዱ አግቡት። ስትገፏቸው ይቀራረባሉ፤ ጥርሶቹ ግን አንድም አላጠሩም። ጡንቻ ሲኮማተርም የሚሆነው ይህ ነው። ክሮቹ ርዝመታቸውን ሳይለቁ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። በመሆኑም የጨለማው ሰቅ ስፋት አይለወጥም፤ የሚጠበው ነጩ ነው። ፈተና ላይ ይህን የሚገለብጡት ተማሪዎች ቁጥር ያሳዝነኛል።

ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1954 በአንድ የመጽሔት እትም ላይ በሁለት ጽሑፎች ወጣ። አንዱን አንድሩ ሃክስሊና ሮልፍ ኒደርገርከ፣ ሌላውን ሂው ሃክስሊና ጂን ሃንሰን ጻፉት። ሁለቱ ሃክስሊዎች ዘመድ አይደሉም፤ በየዓመቱ «ወንድማማቾች ናቸው?» እባላለሁ፣ አይደሉም።

ትንሽ ስሌት ብንሠራ አሠራሩ ይበልጥ ይገለጣል። 10 ሴንቲሜትር በሚረዝም ክር ላይ 2.5 ማይክሮሜትር የሆኑ 40,000 ሳርኮመሮች በሰልፍ ይቆማሉ። እያንዳንዱ በግማሽ ማይክሮሜትር ብቻ ቢያጥር ክሩ በሙሉ 2 ሴንቲሜትር ያጥራል። ጅማቱ ደግሞ ከመገጣጠሚያው አጠገብ ስለተተከለ 2 ሴንቲሜትሩ እጅን ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ርቀት ያንቀሳቅሳል።

ክሮቹን የሚስባቸው ማን ነው? ካልሲየምስ ምን ያደርጋል?

ከማዮሲን ክሮች ላይ ትንንሽ ራሶች ወጥተዋል። ራሱ አክቲኑን ይጨብጣል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ወደፊት ሄዶ እንደገና ይጨብጣል። ከጉድጓድ ውኃ በገመድ የሚቀዳ ሰው እጁን እየቀያየረ እንደሚስበው ነው። ለእያንዳንዱ ዙር ኤቲፒ የሚባል የኃይል ሞለኪውል ይከፈላል። ልብ በሉ፤ ኤቲፒው የሚያስፈልገው ለመጨበጥ አይደለም። ራሱ የጨበጠውን እንዲለቅ የሚያደርገው አዲስ የመጣው ኤቲፒ ነው። ይህን ያዙት፤ ቀጥሎ ይጠቅመናል።

አክቲኑ ሁልጊዜ ለመጨበጥ ክፍት ቢሆን ኖሮ ሰው እንደ ግንድ ደርቆ ይቀር ነበር። ስለዚህ ትሮፖማዮሲን የሚባል ፕሮቲን የመጨበጫውን ቦታ ሸፍኖ ይተኛል፤ ትሮፖኒን ደግሞ ቁልፉ ነው። ካልሲየም ትሮፖኒኑ ላይ ሲያርፍ ሽፋኑ ገለል ይላል። ካልሲየሙ የሚጠራቀመው ዘንጎቹን እንደ መረብ በከበበ ከረጢት ውስጥ ነው። ከክሩ የላይኛው ገለፈት ላይ ደግሞ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ውስጥ ዘልቀው ከከረጢቱ ጎን ይደርሳሉ። የኤሌክትሪክ ምልክት በገለፈቱ ላይ ሲሮጥ በቱቦዎቹ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ከረጢቱም በሩን ይከፍታል። ቱቦዎቹ ባይኖሩ ከዳር ያሉት ዘንጎች ሲኮማተሩ የመካከሎቹ ዘግይተው ይሰሙ ነበር።

ተማሪዎች ከዚህ ሥዕል የሚረሱት ፕሮቲን ቲቲን ነው። በሰው አካል ውስጥ ከሚታወቁት ፕሮቲኖች ሁሉ ትልቁ ሲሆን ከሳርኮመሩ ግድግዳ እስከ መካከሉ ይዘረጋል። ጡንቻው ሲለጠጥ እንደ ሞላ የሚመልሰው እሱ ነው።

በሬ ከታረደ በኋላ ሥጋው ለምን ይንቀጠቀጣል? በኋላስ ለምን ይደርቃል?

የምወደው ጥያቄ ነው። ገና እንደታረደ የተገነጠለ ብልት ላይ ሥጋው እዚህም እዚያም ሲርገበገብ ያላየ የገጠር ልጅ የለም። ነፍሱ ገና አልወጣችም የሚሉ አሉ። ሕዋሳቱ ገና አልሞቱም ማለት ነው ካልን ትክክል ናቸው። እንስሳው እንደ እንስሳ ሞቷል፤ የጡንቻ ክሮቹ ግን የተጠራቀመ ኤቲፒና ካልሲየም አላቸው፤ ገለፈታቸውም ኤሌክትሪኩን ይዟል። ቢላዋ የነካው ነርቭ ወይም ክር ምልክት ይለቃል፤ ክሮቹም ማንም ሳያዛቸው ይኮማተራሉ።

ከዚያ ኃይሉ ያልቃል። ደም የለም፣ ኦክስጅን የለም፣ አዲስ ኤቲፒ የለም። ካልሲየሙ ከከረጢቱ ይፈሳል፣ የማዮሲን ራሶች አክቲኑን ይጨብጣሉ፤ የሚያስለቅቃቸው ኤቲፒ ግን ጠፍቷል። እንደ ጨበጡ ይቀራሉ። የሬሳ መድረቅ የሚባለው ይህ ነው። በሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በመንጋጋና በፊት አካባቢ መታየት ይጀምራል። ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ መላ ሰውነትን ይይዛል፤ ከዚያም በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። አስከሬን የሚገንዙ ሽማግሌዎች ይህን ሳይማሩ ያውቁታል፤ «ሳይደርቅ» የሚሉት ለዚህ ነው። የሚለቀው ጭብጡ ስለተፈታ አይደለም። በራሱ በጡንቻው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ፕሮቲኖቹን እየቆራረጡ ስለሚያላሉት ነው።

ትኩስ ቁርጥ የሚወዱ ሰዎች ሳያውቁት ሥጋውን የሚበሉት ከመድረቁ በፊት ነው፤ በውጭ አገር ደግሞ ደርቆ እስኪለቅ ቀናት ያቆዩታል። ለስላሳነቱ በሁለቱም መንገድ ይገኛል። በመካከል ያለው ጊዜ ነው የሚከፋው። የኮሶ ትል እጭ ግን የሚተኛው በጡንቻ ክሮች መካከል ስለሆነ ትኩስነት ከእሱ አያድንም።

ነርቭ፣ ጅማትና ሥር አንድ ናቸው?

አይደሉም። ጥፋቱ ግን የጠያቂው ብቻ አይደለም፤ ቋንቋችን «ሥር» የሚለውን ቃል ለደም መተላለፊያውም ለነርቡም ይሰጠዋል። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት የሚያስር ነጭ ገመድ ነው፤ መልእክት አያደርስም። ነርቭ ደግሞ የብዙ ሺህ የነርቭ ሕዋሳት ረጃጅም ክሮች በገለፈት ተጠቅልለው የሚሄዱበት ነው። ወጌሻ ቁርጭምጭሚት ላይ «ሥሩ ዞሯል» ብሎ የሚያሸው ብዙ ጊዜ ጅማት ወይም የተጨማደደ ጡንቻ ነው። በዐይን ሲታዩ ሁለቱም ነጭ ገመድ በመሆናቸው፣ የእጅ አንጓ በጠርሙስ የተቆረጠበት ሰው ሲመጣ ሐኪሙም ጊዜ ወስዶ ይለያቸዋል።

ነርቭ ጡንቻን ይነካዋል?

አይነካውም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጡንቻን የሚያዝዘው የነርቭ ሕዋስ አካሉ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ይቀመጣል፤ ክሩ ግን እስከ ጡንቻው ይዘልቃል። እግር መዳፍ ላይ ላለ ጡንቻ ይህ ክር 1 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አንድ ሕዋስ ነው። ጡንቻው ጋ ሲደርስ ቅርንጫፍ ያወጣል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የስብ ሽፋኑን አውልቆ በአንድ የጡንቻ ክር ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ መካከሉ ገደማ፣ እንደ ተዘረጋ የወፍ እግር ያርፋል። በነርቡ ጫፍና በጡንቻው መካከል 50 ናኖሜትር ያህል ክፍተት ይቀራል። የወረቀት ውፍረት 100 ማይክሮሜትር ነው ካልን ክፍተቱ ከዚያ ሁለት ሺህ ጊዜ ይጠባል። ጠባብ ቢሆንም ክፍተት ክፍተት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ዘሎ አያልፈውም።

የሚያልፈው ኬሚካል ነው። በነርቡ ጫፍ ውስጥ አሲቲልኮሊን የተሞሉ ትንንሽ ከረጢቶች በብዛት ተከማችተዋል። ምልክቱ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ነርቡ ጫፍ ይገባል፤ ከረጢቶቹም ከገለፈቱ ጋር ተዋሕደው ይዘታቸውን ወደ ክፍተቱ ያፈሳሉ። ማዶ ያለው የጡንቻው ገለፈት እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ተጣጥፏል። አሲቲልኮሊኑን የሚይዙት ተቀባይ ፕሮቲኖች የተደረደሩት በትልሞቹ አናት ላይ፣ ልክ ከረጢቶቹ ከሚፈሱበት ፊት ለፊት ነው። ተቀባዩ ሲያዝ ሶዲየም ወደ ጡንቻው ይገባል፤ አዲስ የኤሌክትሪክ ምልክት ይወለዳል፤ የቀረው ከላይ የነገርኳችሁ ነው። በክፍተቱ ውስጥ የተቀመጠ ኢንዛይም ደግሞ አሲቲልኮሊኑን ወዲያው ይሰባብረዋል። አለዚያ አንድ ጊዜ የታዘዘ ጡንቻ ትእዛዙ አያልቅለትም ነበር። ይህ ሁሉ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ቢወስድ ነው።

እንዴት ታወቀ ለሚለው፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ክሎድ በርናርድ ኩራሬ በሚባለው የደቡብ አሜሪካ የቀስት መርዝ እንቁራሪት መረዘ። ነርቡን ሲነካው ጡንቻው ዝም አለ፤ ራሱን ጡንቻውን በኤሌክትሪክ ሲነካው ግን ተኮማተረ። ጡንቻው ደኅና ነው፤ የተበላሸው የሚገናኙበት ቦታ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ኦቶ ሎዊ በኦስትሪያዋ ግራትስ ሌላ ሙከራ ሠራ። የአንዱን እንቁራሪት ልብ የሚያዘገየውን ነርቭ አነቃቃና ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ በሌላ ልብ ላይ አፈሰሰ፤ ሁለተኛውም ልብ ዘገየ። ሎዊ እንደሚለው ሐሳቡ የመጣለት በእንቅልፉ ነው። ነቅቶ ጻፈው፤ ጠዋት ግን የራሱን ጽሕፈት ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሕልሙ ሲደገም አልጋውን ጥሎ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ። አሲቲልኮሊኑ በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን በከረጢት ልክ እንደሚለቀቅ ያሳየው በርናርድ ካትስ ሲሆን በ1970 እሱም ተሸልሟል።

አንድ የነርቭ ሕዋስ ስንት ክር ያዝዛል?

እንደ ሥራው ነው። ዐይንን በሚያዞሩ ጡንቻዎች ውስጥ አንዱ የነርቭ ሕዋስ አሥር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሱ ክሮችን ይይዛል። በባት ላይ ከሺህ በላይ ይሆናሉ። ነርቡና የሚያዛቸው ክሮች አንድ ላይ የእንቅስቃሴ አሃድ ይባላሉ። ትእዛዝ ሲመጣ በአሃዱ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ «እኔ አልፈልግም» የሚል ክር የለም። ጀበናውን ዘንበል አድርጎ ቡናውን በቀጭኑ ለመቅዳት ጥቂት ትንንሽ አሃዶች ይበቃሉ። ጤፍ የሞላ ጆንያ ለማንሣት ትልልቆቹም ይጨመራሉ። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ከትንሹ ወደ ትልቁ ነው።

ዐይኔ ይርገበገባል። ነርቭ ነው?

አንድ ወይም ጥቂት የእንቅስቃሴ አሃዶች ያለ ትእዛዝ ሲተኩሱ ነው። ድካም፣ የእንቅልፍ እጦትና አቦል ቶና በረካውን ያለፈ ቡና ያባብሱታል። ዘመድ ሊመጣ ነው የሚለውን ትርጓሜ አልቃወምም፤ ከዘመድ ጋር የሚያመሽ ሰው እንቅልፍ ያጣል። ለሳምንታት ሳያቋርጥ ከቆየ፣ ወይም ክንድና እግር ላይ ከድክመትና ከመክሳት ጋር ከመጣ ግን ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

የዶሮ ታፋ ለምን ይጠቁራል፣ ደረቷስ ለምን ይነጣል?

የቤት ዶሮ ቀኑን ሙሉ ትቆማለች፣ ትጭራለች፤ የምትበረው ግን ውሻ ሲያባርራት ለጥቂት ሰከንድ ነው። የታፋዋ ክሮች ቀስ ብለው የሚኮማተሩ፣ የማይደክሙ ናቸው። ኦክስጅን የሚያከማች ማዮግሎቢን የሚባል ቀይ ፕሮቲን፣ ብዙ ማይቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ኃይል ማመንጫዎች) እና ብዙ የደም ሥር አላቸው። የደረቷ ክሮች ፈጣንና ብርቱ ናቸው፤ ግን ቶሎ ይዝላሉ፣ ማዮግሎቢናቸውም ጥቂት ነው። በሰው ውስጥ ሁለቱ በአንድ ጡንቻ ውስጥ ተሰበጣጥረው ይገኛሉ። በረጅም ርቀት ታላላቅ ሯጮች እግር ውስጥ የቀርፋፎቹ ድርሻ ይበዛል፤ በአጭር ርቀት ሯጮች የፈጣኖቹ።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ክሩ ቀርፋፋ ወይም ፈጣን እንዲሆን የሚወስነው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ጆን ኤክልስና ባልደረቦቹ በድመቶች ላይ የቀርፋፋውን ጡንቻ ነርቭ ቆርጠው ከፈጣኑ ጋር፣ የፈጣኑን ከቀርፋፋው ጋር አጋጠሙ። ነርቮቹ አድገው ሲገናኙ ቀርፋፋው ወደ ፈጣንነት፣ ፈጣኑ ወደ ቀርፋፋነት አዘነበለ። ጡንቻው ጠባዩን ከነርቡ ተማረ ማለት ነው። መግቢያው ላይ ያልኩት አቋም የመጣው ከዚህ ሙከራ ነው።

ልብ የሚመታው ነርቭ አዝዞት ነው?

አይደለም። ከደረት የወጣ የእንቁራሪት ልብ በተስማማ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይመታል። የልብ ጡንቻም ዝንጉርጉር ነው፤ ነገር ግን ሕዋሳቱ አጫጭር፣ ቅርንጫፍ ያላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኒውክሊየስ በመካከላቸው የያዙ ናቸው። ጫፍ ለጫፍ በሚጋጠሙበት ቦታ የደረጃ መወጣጫ የመሰለ ጥቁር መስመር ይታያል። በዚያ መጋጠሚያ ላይ ቀዳዳዎች ስላሉ ምልክቱ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ በቀጥታ ያልፋል። ምቱን የሚጀምሩት በቀኝ የላይኛው ክፍል ያሉ የራሱ የልቡ ሕዋሳት ናቸው። ነርቮች ፍጥነቱን ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ምቱን ግን አይፈጥሩትም።

የአንጀት፣ የማኅፀንና የደም ሥር ግድግዳ ልሙጥ ጡንቻ ዝንጉርጉር የለውም። አክቲንና ማዮሲን ቢኖሩትም በሰልፍ አልተደረደሩም። ነርቡም እንደ ወፍ እግር አያርፍበትም፤ መቁጠሪያ የመሰሉ እብጠቶች እያበጀ በአጠገቡ ያልፍና ኬሚካሉን ለአካባቢው ሁሉ ይረጫል።

ጡንቻ ለአንጎል መልሶ ይናገራል?

ይናገራል። በክሮቹ መካከል በከረጢት የተጠቀለሉ ጥቂት ቀጫጭን ክሮች አሉ። ቅርጻቸው መካከሉ ወፈር፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ስማቸው የጡንቻ እንዝርት ነው፤ ፈትል ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በመካከላቸው የተጠመጠመው ነርቭ ጡንቻው ምን ያህል፣ በምን ፍጥነት እንደተለጠጠ ይናገራል። ሐኪም ከጉልበት በታች ያለውን ጅማት በመዶሻ ሲመታ እንዝርቶቹ ይለጠጣሉ፤ ወሬው ኅብለ ሰረሰር ደርሶ በአንድ ሲናፕስ (የሁለት ነርቭ ሕዋሳት መገናኛ) ብቻ ይመለስና እግር ይወረወራል። በጨለማ ጉርሻ ከአፋችን የማይስተው፣ እንስራ ያዘለች ሴት ድንጋያማውን ቁልቁለት መሬቱን ሳታይ የምትወርደው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ጓያም ፖሊዮም እግር ያሽመደምዳሉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሁለቱን በሽተኞች ጎን ለጎን ያየ ሰው የነርቭና የጡንቻን ግንኙነት አይረሳም።

የፖሊዮ ቫይረስ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን፣ ጡንቻን በቀጥታ የሚያዝዙትን ሕዋሳት ይገድላል። ክሮቹ ወላጅ አልባ ይሆናሉ። እግሩ ይልፈሰፈሳል፤ በመዶሻ ቢመታ አይወረወርም፤ በወራት ውስጥ ጡንቻው ከስቶ ቆዳና አጥንት ይቀራል። ከሞት የተረፉ ጎረቤት ነርቮች ቅርንጫፍ አውጥተው ወላጅ አልባዎቹን ያሳድጋሉ፤ ከፊሉ ጉልበት የሚመለሰው በዚህ ጉዲፈቻ ነው።

ጓያ ግን የሚጎዳው ከዚያ በላይ ያለውን፣ ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርደውን የነርቭ መስመር ነው። ጥፋተኛው በፍሬው ውስጥ ያለ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ ድርቅ ሌላውን እህል ሲያጠፋ ጓያ ይቀራል፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ይያዛል። የታችኛው ነርቭና ጡንቻው ደኅና ስለሆኑ እግሩ አይልፈሰፈስም። ይልቁንም ተቆጣጣሪ አጥቶ ይገተራል፤ ጉልበት ሲመታ ከልክ በላይ ይወረወራል፤ ሰውየው እግሩን እንደ መቀስ እያቆላለፈ በጣቱ ጫፍ ይሄዳል። ጡንቻው ግን እንደ ፖሊዮው አይከሳም። የሚያሽመደምደው እንፋሎቱ ነው የሚል እምነት በገጠር አለ፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከመብላት ነው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር ማደባለቅ መርዙን ይቀንሳል። አንዴ የያዘው እግር ግን አይመለስም።

በሚገናኙበት ቦታ የሚደርሱ በሽታዎችና መርዞች የትኞቹ ናቸው?

ሦስቱን ልጥቀስ። ማያስቴኒያ ግራቪስ ሰውነት በራሱ ተቀባዮች ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሲያመርት ይመጣል። ጠዋት ደኅና የነበረ የዐይን ቆብ ወደ ማታ ይወድቃል፤ በማኘክ መካከል መንጋጋ ይዝላል፤ ዕረፍት ያሻሽለዋል። እ.ኤ.አ. በ1934 ስኮትላንዳዊቷ ሐኪም ሜሪ ዎከር የበሽታው ምልክት ከኩራሬ መመረዝ ጋር መመሳሰሉን አስተዋለች። አፍራሹን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት ብትሰጥ በሽተኛዋ ለጥቂት ሰዓት በረታች።

ሁለተኛው የኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባይ ነው፤ ማላታይዮን አንዱ ነው። ያንኑ ኢንዛይም ያግዳል፤ በመጠኑ ሳይሆን ጨርሶ። አሲቲልኮሊን ይጥለቀለቃል፤ ጡንቻው መጀመሪያ ይርገበገባል፣ ቀጥሎ ይሽመደመዳል፤ መተንፈሻ ጡንቻዎች ሲቆሙ ሰው ይሞታል። ምራቅ የሚዝረከረክ፣ የዐይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ ሰው ከእርሻ ከመጣ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህን ነው። አትሮፒን ምራቁንና የልቡን መዘግየት ያክማል፤ የአጽም ጡንቻን ሽባነት ግን አይነካም። ኬሚካሉን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ልጅን መግደያ ነው።

ሦስተኛው የቦቱሊነም መርዝ ከረጢቶቹ ከገለፈቱ ጋር ተዋሕደው እንዲፈሱ የሚያደርጉትን ፕሮቲኖች ይቆርጣል። በጥቂቱ የፊት መጨማደድ ማጥፊያ፣ በተበላሸ የታሸገ ምግብ ውስጥ ገዳይ ነው።

የተቆረጠ ነርቭ፣ የተቀደደ ጡንቻ ይድናል?

ነርቭ ጫፍ ለጫፍ ከተሰፋ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ከክርን እስከ ጣት ያለውን ራሳችሁ አስሉት፤ ወራት ነው። ጡንቻው እስከዚያ ይከሳል፤ ከዘገየም ነርቡ ሲደርስ የሚቀበለው ክር ላያገኝ ይችላል። ጡንቻ በበኩሉ በክሩና በገለፈቱ መካከል የተኙ ተጠባባቂ ሕዋሳት አሉት፤ አሌክሳንደር ማውሮ በ1961 በእንቁራሪት ላይ አገኛቸው። ክር ሲጎዳ ነቅተው ይባዛሉና ይጠግኑታል። በስፖርት የሚወፍረው ጡንቻም በዋናነት ያሉት ክሮች ወፍረው ነው፤ አዲስ ክር ተወልዶ አይደለም።

ፈተና ላይ ሦስቱን ጡንቻዎች እንዴት እለያቸዋለሁ?

መጀመሪያ ኒውክሊየሱን ፈልጉ፤ መስመሩን አይደለም። ከዳር ተገፍተው ብዙ ከሆኑ የአጽም ጡንቻ ነው። በመካከል ሆኖ ቅርንጫፍና ጥቁር የደረጃ መስመር ካለ ልብ ነው። በመካከል ሆኖ ሕዋሱ እንዝርት ከመሰለና ዝንጉርጉር ከሌለው ልሙጥ ነው።

ልሙጥ ጡንቻና ጅማት ግን ያሳስታሉ፤ ሁለቱም ሮዝ፣ ሁለቱም ባለ ማዕበል ናቸው። በልሙጥ ጡንቻ ኒውክሊየሱ በሮዙ ውስጥ ነው። በጅማት ኒውክሊየሱ ቀጥኖ በሮዞቹ መካከል ተጨምቋል። ተማሪ ሳለሁ የአንጀት ግድግዳን አይቼ «ጅማት» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ «ጅማት አንጀት ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?» ብለው መለሱልኝ።

የነርቡን ጫፍ ደግሞ በተለመደው ሮዝና ሐምራዊ ቀለም በተቀባ ስላይድ ላይ ስትፈልጉ አትዋሉ፤ አይታይም። በወርቅ ክሎራይድ የተቀባውን ስላይድ ጠይቁ። እዚያ ላይ ጥቁሩ ክር እየተከፋፈለ ሄዶ በእያንዳንዱ የጡንቻ ክር ላይ የወፍ እግሩን ሲያሳርፍ ታያላችሁ።